ለመኖሪያ ፈቃድ ራጅ ስነሳ ሳንባዬ ላይ ጠባሳ ታየ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። ይህ ነገር የገጠመው ሰው ካለ እባካችሁ ምከሩኝ።

የምኖረው በሰው አገር ነው። የመኖሪያ ፈቃዴን ለማሳደስ የግዴታ የጤና ምርመራ ነበረብኝ። የደም ምርመራው ወዲያው አለቀ፣ ክንዴ ላይ ጥጥ ለጥፈው ሸኙኝ። ራጅ ክፍል ግን ባለሙያዋ "ትንፋሽህን ያዝ" ብላ አንዴ አነሳችኝ፣ ስክሪኑን አየት አደረገችና ደግማ አነሳችኝ። ያኔ ነው ሆዴ የፈራው። ለካ ቀኝ ሳንባዬ ላይኛው ጫፍ ላይ ጠባሳ አለ።

ከ11 ዓመት በፊት የሳንባ ነቀርሳ ይዞኝ ነበር። የ6 ወሩን መድኃኒት አንድም ቀን ሳላቋርጥ ጨርሼ ድኛለሁ። ጠባሳው ግን ሰው ከዳነ በኋላም ራጅ ላይ ይታያል። ስለዚህ በሽታው እንዳልተመለሰ ለማረጋገጥ ሦስት ጊዜ አክታ ሰጠሁ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነጻ ነው፤ የካልቸሩ (ተህዋሲውን ላብራቶሪ ውስጥ አሳድጎ የማየት ምርመራ) ውጤት ግን እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል አሉኝ፣ ተህዋሲው ሲያድግ ቀርፋፋ ነው። ፈቃዴ የሚያበቃው ደግሞ ከ5 ሳምንት በኋላ ነው!

የድሮው ራጄ ቢገኝ ሐኪሙ አነጻጽሮ ጠባሳው እንዳልተለወጠ ማየት ይችል ነበር። የታከምኩበት ቦታ ፋይሌን አጥቶታል። በእጄ ያለችው የመድኃኒት መከታተያ ካርዴ ብቻ ናት፣ እሷም ጠርዟ ተበልቷል።

ካርዷን በሕጋዊ ተርጓሚ አስተርጉሜ ባስገባት ይቀበሉኛል? ውጤት እስኪመጣ ጊዜያዊ ማራዘሚያ ያገኛችሁ ካላችሁ፣ ምን ወረቀት አቀረባችሁ? ለአሠሪዬስ አሁኑኑ ልንገረው ወይስ ልጠብቅ?

አንድ ጓደኛዬ "ሌላ ክሊኒክ ሞክር" ብሎኛል፤ ጠባሳ ክሊኒክ ስለተቀየረ አይጠፋምና እሱን ተዉት።