በየወሩ አዲስ መፈክር፦ የተማሪ ክበባት የግንዛቤ ፕሮግራም ይጠቅማል ወይስ ለይስሙላ ነው?

የክበብ ተጠሪ መምህር፦
ለክርክር የማቀርበው ጉዳይ ይኸውላችሁ። እኔ የምከታተለው የተማሪዎች ክበብ ዓመቱን በወር በወር ከፋፍሎታል። አንዱ ወር ጉልበተኝነት፣ አንዱ የመንገድ ደህንነት፣ አንዱ የአእምሮ ጤና፣ ከዚያ ኢንተርኔት፣ ከዚያ ሱስ፣ ከዚያ እንቅልፍ። በየወሩ ፖስተር ይለጠፋል፣ አጭር ድራማ ይቀርባል፣ ጥያቄና መልስ ይካሄዳል። አሁን ግማሹ አባል «እንደዚሁ ይቀጥል» ይላል። ሌላው «አንድ ርዕስ ይዘን ዓመቱን ሙሉ እንሥራ» ይላል። ጥቂቶች ደግሞ «ጭራሽ ይቅር፣ ማንም አይሰማን» ብለዋል። እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ። የናንተን ልስማ።

የሂሳብ መምህር፦
እኔ «ጭራሽ ይቅር» ከሚሉት ጋር ነኝ። ወንድሜ፣ እስቲ ግንዛቤ የጎደለው ተማሪ አሳየኝ። ሲጋራ እንደሚጎዳ የማያውቅ አለ? እየነዱ ስልክ መነካካት አደገኛ መሆኑን ያልሰማ አለ? ችግሩ አለማወቅ ቢሆን ኖሮ በአንድ ፖስተር ባለቀ ነበር።

በአሜሪካ የሆነውን ልንገራችሁ። በፈረንጆቹ 1983 ሎስ አንጀለስ ላይ «ዴር» የሚባል ፕሮግራም ተጀመረ። ፖሊሶች ክፍል እየገቡ ስለ አደንዛዥ ዕፅ ያስተምራሉ። ቲሸርት አለው፣ ተለጣፊ አለው፣ መመረቂያ ሳይቀር አለው። ወላጁም ፖለቲከኛውም ወደደው። ተመራማሪዎች ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመዝኑት ግን፣ ትምህርቱን በወሰዱና ባልወሰዱ ልጆች መካከል ዕፅ በመጠቀም ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። ሥርዓተ ትምህርቱ የተቀየረውም ከዚያ በኋላ ነው። የሠለጠነ ፖሊስ ለሳምንታት አስተምሮ ጠብ ያላለ ነገር፣ የኛ አጭር ድራማ ምን ሊፈይድ ነው?

የ11ኛ ክፍል ተማሪ፦
መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና በግማሹ ብቻ ነው የምስማማው። ፖስተር ማንም እንደማያነብ እውነት ነው። የኛን ማስታወቂያ ሰሌዳ ሄደው ይዩት። የዚህ ወር ፖስተር ባለፈው ወር ፖስተር ላይ ተለጥፏል፣ የባለፈው ደግሞ ከዚያ በፊት ባለው ላይ። አንዱ ጥጉ ተቀዶ «ብቻህን አይደለህም» የሚለው «ብቻህን» ላይ ቀርቷል። ያለፈው ሁሉ ሙድ ይይዝበታል።

ግን አንድ የሠራልን ነገር አለ። በመንገድ ደህንነት ወር ድራማውን ትተን አራት ወንበር ደረደርንና መኪና አደረግነው። አንዱ ሹፌር ይሆናል፤ ስልኩን አውጥቶ መልእክት መጻፍ ይጀምራል። ጋቢና የተቀመጠው ሰው ማስቆም አለበት። ደንቡ ሁለት ነው፦ መስበክ አይቻልም፣ መሳደብ አይቻልም። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ገብተው ዝም። በቃ ዝም፤ አፍረው። ከዚያ አንዷ ገባችና እጇን ዘርግታ «አምጣው እኔ ልጻፍልህ፤ ምን ልበላት?» አለችው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ያቺን አባባል እስካሁን ልጆች ይጠቀሙባታል። አዲስ መረጃ አልሰጠችንም፣ ልክ ነው። የሰጠችን የምንለውን ነገር ነው።

አንድ አባት፦
ይሄ ሁሉ ጨዋታ ነው። የተጨፈለቀ መኪና አምጥታችሁ ግቢው ውስጥ አቁሙት። ይደንግጡ! ያኔ ቀበቶ ያስራሉ።

የሂሳብ መምህር፦
ይሄም ተሞክሯል ጋሼ። በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ወጣቶችን እስር ቤት ወስደው በታራሚዎች ማስፈራራት ተጀምሮ ነበር፤ ወንጀልን እንዲፈሩ። በኋላ ጥናቶቹ ተሰብስበው ሲታዩ፣ የሄዱት ካልሄዱት ይበልጥ ጥፋት ውስጥ ሲገቡ ተገኙ። ድንጋጤ ለአንድ ሰሞን ነው። ቀበቶ ደግሞ በየቀኑ ነው የሚታሰረው።

የሁለት ልጆች እናት፦
የመኪናዋን ወድጃታለሁ፣ ልጄ ተባረኪ። እኔን የሚያስፈራኝ የአእምሮ ጤና ወር ነው። ትንሿ ልጄ 12 ዓመቷ ነው። ቦርሳዋ ውስጥ ራስን ስለማጥፋት የሚያወራ በራሪ ወረቀት አገኘሁ፤ ምልክቶቹ ተዘርዝረዋል። ያደሉትም ተማሪዎች ናቸው። ምኑንም የማታውቅ ልጅ ለምን ይነገራታል? የተኛ ነገር መቀስቀስ አይሆንም ወይ?

የትምህርት ቤት አማካሪ፦
እህቴ፣ ይህ የብዙ ወላጅ ስጋት ነው። ግማሹን ላረጋጋሽ፣ ግማሹን ግን ላጠናክርልሽ ነው።

አንድን ልጅ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራበትም። ይህ በተደጋጋሚ ተጠንቷል። እንዲያውም ብዙዎች የሚጠይቃቸው ሰው በመገኘቱ ቅልል ይላቸዋል። አደጋው ሌላ ቦታ ነው። አንድ ሰው እንዴት እንደሞተ በዝርዝር መተረክ፣ ፎቶውን ሰቅሎ እንደ ጀግና ማሳየት፣ ሻማ አብርቶ አዳራሹን ማስለቀስ። ቀድሞውኑ የተጎዳ ልጅ እዚያ ከተቀመጠ «እኔም ብሄድ እንዲህ ይለቀስልኛል» ሊል ይችላል። ክበቦች ደግሞ የሚወዱት ይሄንኑ ነው፤ ስሜት ይነካላ! ስለዚህ ወረቀቱን ማን ጻፈው፣ ባለሙያ አይቶታል ወይ፣ ለስንት ዓመት ልጅ ተሰጠ ብለሽ መጠየቅሽ ልክ ነው።

«ምኑንም የማታውቅ» ላልሽው ግን የዓለም ጤና ድርጅት ግምት አለ። ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉት ልጆች ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ልጅሽ ባታውቀውም አጠገቧ የተቀመጠችው ታውቀው ይሆናል።

አሁን ስለ አራቱ ወንበሮች። በፈረንጆቹ 2015 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ትልቅ ጥናት አለ። በ10 የአውሮፓ አገሮች፣ በ168 ትምህርት ቤቶች፣ ከ11,000 በላይ ተማሪዎች ተሳትፈውበታል። ሦስት መንገዶች ተፈተሹ። አንዱ መምህራን አደጋ ላይ ያለ ተማሪ እንዲለዩ ማሠልጠን ነው። ሌላው በመጠይቅ ለይቶ ወደ ባለሙያ መላክ ነው። ሦስተኛው ተማሪዎቹ ራሳቸው የሚሳተፉበት የ5 ሰዓት ያህል ፕሮግራም ሲሆን፣ 3 ሰዓቱ ገጸ ባሕርይ ተላብሶ መለማመድ ነው። ከዓመት በኋላ በሦስተኛው ቡድን አዲስ የራስ ማጥፋት ሙከራ፣ ምንም ልዩ ሥልጠና ካልተሰጠው ቡድን ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ሁለቱ ግን ግልጽ ልዩነት አላመጡም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ያንን ፕሮግራም የመሩት የሠለጠኑ አዋቂዎች ናቸው። ተማሪ ሐኪም አይደለም። የ16 ዓመት ልጅ ጓደኛዋ «ለማንም እንዳትናገሪ» ብላ የነገረቻትን ሸክም ይዛ እንድታድር ማድረግ ግፍ ነው። ክበቡ ሊያስተምር የሚገባው አንድ ነገር ቢኖር፣ እንዲህ ያለ ምስጢር እንደማይጠበቅና ለየትኛው አዋቂ እንደሚነገር ነው።

የሂሳብ መምህር፦
ጥሩ ጥናት ነው፣ አልክድም። ያልሠራውንም እናንሳ ግን። በ2022 ውጤቱ የወጣ የብሪታኒያ ጥናት አለ። በ85 ትምህርት ቤቶች ከ8,000 በላይ ልጆች ተሳተፉበት፤ ግማሽ ያህሉ በጽሞና ትኩረትን የመሰብሰብ ልምምድ እንዲማሩ ተደረገ፣ የቀሩት በተለመደው ትምህርት ቀጠሉ። ውጤቱ ከተለመደው ትምህርት የተሻለ አልሆነም። አብዛኞቹ ልጆች ቤት ሲደርሱ አይለማመዱትም ነበር፤ የቤት ሥራ የምሰጥ ሰው ስለሆንኩ ይህ አልገረመኝም።

በ2023 ደግሞ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ መላምት አቀረቡ። መላምት ነው፣ ተረጋገጠ አላልኩም። ስለ አእምሮ ሕመም ደጋግመን ስናወራ አንዳንድ ልጆች ተራ ጭንቀታቸውንም ሕመም ብለው መጥራት ይጀምራሉ፤ ያ ደግሞ በራሱ ያባብሰዋል የሚል ነው። እኔ ክፍል ውስጥ አየዋለሁ። የፈተና ዋዜማ መፍራት ጤነኝነት ነው እኮ።

የትምህርት ቤት አማካሪ፦
ይህን ነጥብህን እቀበላለሁ። ለዚህም ነው «የጭንቀት ምልክቶች» የሚል ዝርዝር ከማደል መለማመድን የምመርጠው። ግን አንድ ጨምርበት፦ በ2015ቱ ጥናት ከ3 ወር በኋላ ሲለካ ልዩነት አልታየም። በ12 ወሩ ነው የታየው። ስለዚህ ወሩ ባለቀ ማግስት መጠይቅ በትናችሁ «ተሳክቷል» ወይም «ከሽፏል» የምትሉ ሁሉ ትንሽ ታገሡ።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ የክበብ ሰብሳቢ፦
አቦ እውነቱን እናውራ። ከአባሉ ብዙው የገባው ለሰርተፍኬት ነው። እኔም መጀመሪያ እንደዛው።

ከሁሉም በላይ የሚያስቀኝ ግን የእንቅልፍ ወር ነው። በኛ ዕድሜ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት እንዳለብን እናውቃለን፤ ፖስተሩን የጻፍነው እኛው ነን። የጻፍነው ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው፣ የቤት ሥራ ከጨረስን በኋላ። በጉርምስና ጊዜ የሰውነት ሰዓት ራሱ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ቶሎ ተኛ ብትለኝም እንቅልፉ አይመጣም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በፈረንጆቹ 2014 ያለው ይህንኑ ነው፦ የታዳጊዎች ትምህርት ከጠዋቱ 2:30 በፊት አይጀመር። ካሊፎርኒያ ለሁለተኛ ደረጃ በሕግ ደነገገችው፤ ከ2022 ጀምሮ እየሠራ ነው። እኛ ጋ ግን ለመተኛት «ግንዛቤ» ይሰጠናል። የትምህርት ሰዓቱን የሚያወጡት አዋቂዎች፣ ግንዛቤው የሚጎድለን እኛ! ስልክን መኝታ ቤት አለማስገባት የኛ ፈንታ ነው፣ እሺ። የቀረውን ማን ይሥራው?

የሁለት ልጆች እናት፦
እዚህ ላይ ልጁ እውነቱን ነው።

የክበብ ተጠሪ መምህር፦
እውነቱን ነው። ግን እኔ የምችለው ክበብ መምራት ነው፤ የትምህርት ሰዓት መቀየር ከኔ በላይ ነው።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ የክበብ ሰብሳቢ፦
ክበቡ ጥያቄውን ጽፎ ለአስተዳደሩ ያቅርብ እንጂ መምህር! የእንቅልፍ ወር ሥራ እሱ ይሁን። ፖስተሩን እንተወው።

የቀድሞ የክበብ አባል፦
አሁን ዩኒቨርሲቲ ነኝ። ሁላችሁም ወርሃዊነቱን የኮነናችሁት መሰለኝ፤ እኔ ልከራከርለት። ፊንላንድ ውስጥ «ኪቫ» የሚባል የፀረ ጉልበተኝነት ፕሮግራም አለ። ከቱርኩ ዩኒቨርሲቲ ነው የወጣው፣ ከ2009 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ተስፋፋ፣ ጉልበተኝነትን መቀነሱም በጥናት ታይቷል። ለትንንሾቹ ክፍሎች ትምህርቱ እንዴት ነው የተከፋፈለው? በዓመት 10 ድርብ ክፍለ ጊዜ፣ በወር አንዴ ገደማ። ልዩነቱ 10ሩም ስለ አንድ ጉዳይ መሆናቸው ነው። ደግሞም የሚያተኩረው አጥቂው ላይ ብቻ አይደለም፣ ቆሞ የሚያየው ላይም ነው። የሚስቅ፣ የሚቀርጽ፣ ሼር የሚያደርግ ተመልካች ከሌለ ጉልበተኛው ለማን ይሠራል? ሌላው፣ ጥቃት ሲደርስ ጉዳዩን የሚይዝ የአዋቂዎች ቡድን ትምህርት ቤቱ ውስጥ አለ። ልጁ «ተናገር» ተብሎ ሜዳ ላይ አይጣልም።

የወር ርዕስ ሌላ ጥቅምም አለው፣ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ሽፋን ይሰጣል። በኛ ጊዜ በኢንተርኔት ደህንነት ወር አንዲት ልጅ ስብሰባው ካለቀ በኋላ ጠረጴዛ ስታነሳ ቆየች። «ለፖስተሩ ነው» ብላ ጠየቀች፦ «አንድ ሰው ፎቶሽን እበትነዋለሁ፣ ብር ላኪ ቢልሽ ምን ይደረጋል?» ጥያቄው ለፖስተር እንዳልሆነ የገባቸው መምህር ምንም ሳይሉ መለሱላት። አትክፈይ፤ ከከፈልሽ ይጨምራል። የተላከልሽን መልእክት አታጥፊ፣ ማስረጃ ነው። መልስ መስጠት አቁሚና አግጂው። ለምታምኚው አዋቂ ንገሪ፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። አሁን ቢሆን ደግሞ «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ። ከ18 ዓመት በታች ሳሉ የተነሱ የእርቃን ፎቶዎችን በሚተባበሩት ማኅበራዊ ገጾች ላይ እንዳይሰራጩ ያግዛል። ፎቶው ከስልክሽ አይወጣም፤ የሚላከው ከፎቶው የተሠራ የቁጥር አሻራ ብቻ ነው።

ያቺ ልጅ ያ ወር ባይኖር በምን ሰበብ ትጠይቅ ነበር?

የሂሳብ መምህር፦
ይሄ መለካት የማልችለው ነገር ስለሆነ ልከራከርበት አልችልም። ደስ ባይለኝም።

የክበብ ተጠሪ መምህር፦
እንዲህ ላድርገው ብዬ አስቤያለሁ፣ ተቹት። ርዕስ እየቀያየሩ መሥራቱን አልለቅም። ርዕሶቹ ግን ሦስት ብቻ ይሁኑ፦ ጉልበተኝነት ኢንተርኔት ላይ ያለውን ጨምሮ፣ የመንገድ ደህንነት፣ ጓደኛ ሲጨነቅ ምን ይደረጋል። እያንዳንዳቸው ሦስት ወር ይቆያሉ። በየስብሰባው ልምምድ አለ፣ እንደ ወንበሮቹ። ሦስተኛውን አማካሪዋ ይመሩታል፣ ተማሪ አይመራውም። የእንቅልፉን ጉዳይ ለአስተዳደሩ በደብዳቤ እናቀርባለን።

የሁለት ልጆች እናት፦
ሦስተኛው ከመጀመሩ በፊት ለወላጅ ይነገረን። የሚታደለውን ወረቀትም አስቀድመን እንየው። ያለዚያ ልጄን አልክም።

የሂሳብ መምህር፦
ዘንድሮ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ «ችግር ቢገጥምህ የምትሄድበትን አዋቂ በስም ታውቃለህ?» ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ እሱኑ ድገሙት። ስንት ፖስተር እንደተለጠፈ አትንገሩኝ።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ የክበብ ሰብሳቢ፦
የሰርተፍኬቱ ነገርስ መምህር?

የክበብ ተጠሪ መምህር፦
እሱን አልወሰንኩም። ብሰርዘው አባሉ በግማሽ ይቀንሳል።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ የክበብ ሰብሳቢ፦
ይቀንሳ!