«ድንጋይ አይመሰክርም» ይባላል እንዴ?

የጠባሴ ልጅ፦ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በሰበካችን ስብሰባ የሰማሁት ነገር እስካሁን አልወጣልኝም። ኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደርሶ ደብረ ብርሃን ሳይገባ ቀረ። ለዚያ መታሰቢያ በቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ አንድ ድንጋይ እንትከል፣ «እስከ አሁን ድረስ እግዚአብሔር ረድቶናል» የሚለው ይጻፍበት ተባለ። አንድ አባት ተነስተው «ድንጋይ አይመሰክርም» ብለው ቁጭ አሉ። ኢያሱ ከዮርዳኖስ 12 ድንጋይ ያስወጣው ለምን ነበር ታዲያ?

ባሶ ወራና፦ ያልኩት እኔ ነኝ። አሁንም እላለሁ። የሚመሰክር ሰው ነው። የአብነት ተማሪዎቻችን ጎጆ ያፈሳል። ሐምሌን ደበሏቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው ቁጭ ብለው ነው የሚያነጉት። መጀመሪያ ቆርቆሮ ይግባላቸው።

የጠባሴ ልጅ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ኖት? ለቆርቆሮው እኔም አዋጣለሁ። የተናገሩትን ግን ይመልሱ። ኢያሱ 24፥27 ላይ ስለ ድንጋዩ «ምስክር ይሆንብናል» ይላል።

ባሶ ወራና፦ ጥሩ፣ ደግመህ አንብበው። «ይሆንብናል» ነው እንጂ «ይሆንልናል» አይልም። አምላካችንን እንዳንክድ በእኛ ላይ የቆመ ምስክር ነው። እናንተ የምትተክሉት ግን ለራሳችሁ ነው።

የአንኮበር ልጅ፦ ልክ ናቸው። ሙሴ የሠራውን የናስ እባብ ሕዝቅያስ ለምን ሰባበረው? ሕዝቡ ሲያጥንለት አይደል?

መንዜዋ፦ ማን ነው ለድንጋይ የሚያጥነው? እናቴ ቤተ ክርስቲያናችን ሲሠራ ከወንዝ ድንጋይ ትሸከም ነበር። ነጠላዋ ትከሻው ላይ አልቆ ነበር። ዛሬም አንዷን ድንጋይ ታውቃታለች፤ በስተግራ ያለችው፣ ነጭ ሰረዝ ያለባት። ልትሳለም በሄደች ቁጥር በእጇ ትዳብሳታለች። ልጅ ሆኜ ለምን ብላት ያኔ እኔን ነፍሰ ጡር እንደነበረችና በሰላም እንደገላገላት ነገረችኝ። ድንጋይዋ ባትኖር መች እጠይቅ ነበር?

የአንኮበር ልጅ፦ ያ የቤተ ክርስቲያን ግንብ ነው፣ ይለያል። ደግሞ ከተማዋ ራሷ ምስክር ናት። ዘርዓ ያዕቆብ በሰማይ ብርሃን ታየ ብሎ ነው ደብረ ብርሃን የተባለችው። ስሟ አይበቃም?

የጠባሴ ልጅ፦ ንጉሡስ በስም አበቃ? ቤተ ክርስቲያን አሠራ እንጂ!

ሮቢት፦ ቆይ፣ «ረድቶናል» የምትሉት ማንን ነው? እኛ ሰው ቀብረናል። እናንተ በር ላይ ሳልፍ ያንን ጽሑፍ እንዴት ብዬ ላንብበው?

መንዜዋ፦ ነፍስ ይማር። እውነትሽን ነው እህቴ።

የጠባሴ ልጅ፦ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ይህን አላሰብኩትም ነበር። ግን ሳሙኤልም ይህንኑ «ረድቶናል» ያለበትን ድንጋይ፣ አቤንኤዘርን፣ የተከለው ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ነው።

ሮቢት፦ እንግዲያው የሞቱትም ይታሰቡበታ።

ባሶ ወራና፦ እስካሁን የሰማሁት ግን ገንዘብ የሰጡ ሰዎች ስም ከጥቅሱ ሥር ይጻፍ ሲባል ነው።

የጠባሴ ልጅ፦ እኔ እንደዚያ አላልኩም! ኮሚቴው ነው። ይሰረዛል።

ባሶ ወራና፦ ይሰረዝና እናያለን። የቆርቆሮውን ዋጋ ጠይቄ እሁድ እመጣለሁ።

የጠባሴ ልጅ፦ ይምጡ ጋሼ። ስለ «ይሆንብናል» ግን አልጨረስንም።