የኩሚኮ ፍርግርግ በቴብል ሶው ስሌድ፦ ቦዮቹ ለምን ይላላሉ? ዓይኖቹስ ለምን ይዛነፋሉ?

ጣውላ_ቤት (ጠያቂ)

ሰላም የእንጨት ሥራ ወዳጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የጃፓኖቹን ኩሚኮ፣ ያለ ሚስማር ከቀጫጭን ዘንጎች የሚገጣጠመውን ፍርግርግ፣ ለመብራት መከለያ እየሠራሁ ነው። ንድፉ አሳኖሃ፣ የሄምፕ ቅጠል የሚመስለው፣ ነው፣ ባለ አራት ማዕዘን ዓይን። ወርዱ 6 ዓይን፣ ቁመቱ 4 ዓይን፣ ዘንጎቹ ከሚቆላለፉበት ከአንዱ ቦይ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል 38 ሚሊ።

ባለ 10 ኢንች ቴብል ሶው፣ ክብ ዲስክ ያለው የጠረጴዛ መጋዝ፣ አለኝ። በዲስኩ ላይ ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተተውን ገበታ፣ ስሌዱን፣ ራሴ ሠርቻለሁ። ዘንጎቹን 3 ሚሊ ውፍረትና 12.7 ሚሊ ከፍታ አድርጌ ሰነጠቅኋቸው። ከዚያ በእርሳስ እያመለከትሁ አንድ በአንድ ግማሽ ከፍታቸው ድረስ ቦይ አወጣሁላቸው። ውጤቱ አላማረም። መጋጠሚያው ይወዛወዛል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቦዮች ይገጥሙና አምስተኛው ላይ 1 ሚሊ ያህል ይዛነፋል። የቦዩ ወለልም ጠፍጣፋ አይደለም፤ በሁለቱም ጥግ ጠልቆ መሐሉ ጉብ ያለ ነው። የቱ ጋ ነው የተሳሳትሁት?

መሮና_መላጊያ

ወንድሜ፣ ቅደም ተከተሉ ተገልብጦብሃል። ዘንጉን አስቀድመህ 3 ሚሊ ላይ ወስነህ ዲስኩ እንዲከተልህ ትጠብቃለህ፤ የዲስኩ ስፋት ግን አይለወጥም። ሙሉ ውፍረት ያለው ባለ 10 ኢንች ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ 3.2 ሚሊ ገደማ ይበላል፣ ቀጭኑ ደግሞ 2.4 ገደማ። ስለዚህ 3 ሚሊ ዘንግ 3.2 ቦይ ውስጥ መወዛወዙ አይቀርም። መጀመሪያ ቦዩን ቁረጥ፤ ከዚያ ዘንጉን ቦዩ እስኪቀበለው ድረስ ላገው። የሰፋ ቦይ ተመልሶ አይጠብም፣ የወፈረ ዘንግ ግን በአንድ የመላጊያ ግፊት ይቀጥናል።

የወለሉ ጉብታ ከዲስኩ ጥርስ ነው። ጥርሶቹ ተራ በተራ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዘነበሉ ከሆነ ሁልጊዜ ሁለቱን ጥግ ያጠልቃሉ። ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ጥርስ ያለው ዲስክ ያስፈልግሃል። ባለ 24 ጥርስ የመሰንጠቂያ ዲስኮች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፤ ከመግዛትህ በፊት የጥርሱን ቅርጽ አረጋግጥ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ቦይ በነጠላ ዘንግ ላይ አይቆረጥም፤ ገና ባልተሰነጠቀ ጣውላ ላይ ነው የሚቆረጠው። ውፍረቱ ልክ 12.7 ሚሊ፣ ወርዱ 90 ሚሊ ያህል የሆነ ጣውላ አዘጋጅ። የጣውላው ውፍረት ኋላ የዘንጉ ከፍታ ይሆናል። በስሌዱ ላይ በእንጨቱ ጭረት (ቃጫው በሚሄድበት መስመር) አግድም ሁሉንም ቦይ አውጣ፣ ከዚያ ጣውላውን በርዝመቱ ሰንጥቅ። ከአንድ ጣውላ የወጡ ዘንጎች ሁሉ ቦያቸው አንድ ቦታ ላይ ስለሚውል ስህተት ቢኖር እንኳ የሁሉም ስህተት አንድ ነው፣ ፍርግርጉም ይገጥማል። ለአንተ ሥራ ሁለት ጣውላ ይበቃል። አንዱ 5 ቦይ ኖሮት 3 አግድም ዘንግ ይወጣዋል፣ ሌላው 3 ቦይ ኖሮት 5 ቋሚ ዘንግ ይወጣዋል። ከየአንዳንዱ ሁለት ሁለት መጠባበቂያ ጨምር።

እርሳሱን ተወው። የእርሳስ መስመር ራሱ ግማሽ ሚሊ ይሆናል። በስሌዱ መደገፊያ ፊት 12 ሚሊ ኮምፔንሳቶ በሁለት ብሎን እሰር፣ ሊላቀቅና ሊንሸራተት እንዲችል አድርገህ። ዲስኩን 6.35 ሚሊ ከፍ አድርገህ በኮምፔንሳቶው ውስጥ አሳልፈው፤ የዲስኩን ልክ የያዘ ቀዳዳ ይተውልሃል። እዚያ ቀዳዳ ውስጥ የሚጠብቅ ከጠንካራ እንጨት የተላገ ፒን ሠርተህ 30 ሚሊ ያህል ወደ ፊት አውጥተህ አጣብቅ። የፒኑ ከፍታ 6 ሚሊ ይሁን፣ ከቦዩ ጥልቀት ትንሽ ያነሰ፤ ካልሆነ ጣውላው ፒኑ ላይ ይቀመጥና የሚቀጥለው ቦይ ይሳሳል። አሁን ኮምፔንሳቶውን 38 ሚሊ ወደ ጎን አንሸራትተህ እሰረውና አዲሱን ቀዳዳ ቁረጥ። የመጀመሪያውን ቦይ ከጣውላው ጫፍ ለክተህ ታወጣለህ፣ ያንን ፒኑ ላይ ታስቀምጥና ሁለተኛውን፣ ሁለተኛውን ፒኑ ላይ ታስቀምጥና ሦስተኛውን እያልክ ትቀጥላለህ። በየመሐሉ ፒኑንና የስሌዱን ወለል በብሩሽ ጥረግ። ከጣውላው ሥር የገባች አንዲት የመጋዝ ብናኝ ጥልቀቱን ታበላሻለች።

ጥልቀቱን በካሊፐር ብቻ አትመን። ከዚያው ጣውላ ሁለት ቁራጭ ቦይ አውጥተህ አቆላልፋቸው። አንዱ ከሌላው 0.2 ሚሊ ከፍ ብሎ በጣትህ ከተሰማህ ዲስኩን የዚያን ግማሽ፣ 0.1 ሚሊ፣ ከፍ አድርግ። ሁለቱም ስለሚጠልቁ ግማሹ ይበቃል።

ስትሰነጥቅ 3.6 ሚሊ ላይ ሰንጥቅ። ቀጭኑ ዘንግ በዲስኩና በማሽኑ የመሰንጠቂያ መደገፊያ መካከል እንዳይቀርቀር ሁልጊዜ በዲስኩ ውጫዊ ጎን ይውደቅ፣ ዋናው ጣውላ ከመደገፊያው ጎን ይሁን። ጣውላው 25 ሚሊ ያህል ሲቀረው አቁም፣ ከዚያ በታች ለእጅ አደገኛ ነው። ከዚያ በእጅ መላጊያ ወደ 3.2 አውርደው። ለዚህ በመላጊያው ገጽ ግራና ቀኝ ጠርዝ፣ ከምላጩ ስፋት ውጭ፣ 3.2 ሚሊ ውፍረት ያላቸው ሁለት ቀጭን እንጨቶች በሁለት ፊት ፕላስተር ለጥፍ። እንጨቶቹ ጠረጴዛውን ሲነኩ ምላጩ መብላቱን ያቆማል፣ ሁሉም ዘንግ አንድ ውፍረት ይኖረዋል። ልኩ እንዲህ ነው፦ በአውራ ጣት ግፊት ይገባል፣ ስትገለብጠው አይወድቅም። መዶሻ ካስፈለገህ ገና ወፍራም ነው፣ ለስላሳ እንጨት ከሆነ ጎኑ ይፈነዳል።

ባለ_ስኳድራ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ግን ልጨምር። ስሌዱ ራሱ 90 ዲግሪ ካልሆነ ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። ሰያፍ የተቆረጠ ቦይ ልኩ 3.2 ቢሆንም ዘንጉን አጥብቆ ይይዛል። ሠሪው «ጠበበ» ብሎ ዘንጉን ያቀጥናል፣ ያኔ መጋጠሚያው ይላላል፣ ፍርግርጉም ወደ አንድ ጎን ይጋደማል። ስኳድራ አስጠግቶ በዓይን ማየት ለዚህ አይበቃም። በአምስት ቁርጥ ፈትሸው።

400 ሚሊ በ400 ሚሊ የሆነ ኤምዲኤፍ ያዝ። አንዱን ጎን ቁረጥ፣ የተቆረጠውን ጎን መደገፊያው ላይ አስጠግተህ ቀጣዩን ቁረጥ፣ እንዲህ አዙረህ አራቱን ጨርስ። አምስተኛው ላይ 25 ሚሊ ያህል ወርድ ያለው ቁራጭ አስቀርና የሁለቱን ጫፍ ወርድ በካሊፐር ለካ። ስህተቱ አራት ጊዜ ተባዝቶ እዚህ ላይ ይታያል። ልዩነቱ 0.4 ሚሊ ከሆነ ለአራት ታካፍለዋለህ፣ በ400 ሚሊ ርዝመት 0.1 ሚሊ ማለት ነው። መደገፊያህ የሚሽከረከርበት ብሎን ከሚስተካከልበት ጫፍ 500 ሚሊ ከራቀ ጫፉን 0.125 ሚሊ ታንቀሳቅሳለህ። መካኒኮች ቫልቭ የሚለኩበት ፊለር ጌጅ፣ ውፍረቱ የታወቀ ስስ ብረት፣ ለዚህ ሁነኛ ነው፤ አንድ እንጨት ከመደገፊያው ኋላ ታስር፣ በመሐል ጌጁን አስገብተህ ታጠብቅ።

በጠረጴዛው ሐዲድ ውስጥ የምትሄደው የስሌዱ ምላስም አትወዛወዝ። የአሜሪካ ማሽኖች ሐዲድ አብዛኛውን ጊዜ 19 ሚሊ ወርድና 9.5 ሚሊ ጥልቀት አለው። ምላሷ በወርድ ልክ ትግጠም፣ በጥልቀት ግን 1 ሚሊ ያህል ትጉደል፣ አለበለዚያ ስሌዱን ከጠረጴዛው ታነሳዋለች።

ስለ 38 ሚሊው ብዙ አትጨነቅ። በፒን 10 ጊዜ ተራምደህ 380 ፈንታ 380.5 ካገኘህ እያንዳንዱ ዓይን በ0.05 ይበልጣል ማለት ነው። አግድሙም ቋሚውም በአንድ ፒን ከተቆረጠ ማንም አያየውም፤ ዓይኑን የሚሞሉት ትናንሽ ቁራጮችም የሚለኩት ከተሠራው ዓይን ነው።

ሙኒክ_አናጢ

አውሮፓ ላላችሁ፦ እዚህ የሚሸጡት ማሽኖች አክሰላቸው አጭር ስለሆነ የአሜሪካኖቹን ተደራራቢ የቦይ ዲስክ አይቀበሉም። ለኩሚኮ ግን አያስፈልግም፣ አንድ ዲስክ በአንድ ምት ይበቃል። የዲስኩ ቀዳዳም ይለያል፤ የእኛ 250 ሚሊ ዲስክ 30 ሚሊ ቀዳዳ አለው፣ የአሜሪካው ባለ 10 ኢንች ግን 5/8 ኢንች፣ ማለትም 15.88 ሚሊ ነው። ስታዙ አትሳቱ።

ሌላው፣ ቦይ ስትቆርጡ ዲስኩ በጣውላው አናት አይወጣም። ከዲስኩ ኋላ ያለችው መለያያ ቢላዋ ከጥርሱ ጫፍ በታች ካልወረደች ጣውላው ይመታትና ይቆማል። ዝቅ አድርጓት፣ ካልሆነም አውልቋት። ግን መሰንጠቅ ከመጀመራችሁ በፊት መልሳችሁ ክተቷት። እንጨቱ ዲስኩን አንቆ ወደ ሰው የሚወረወረው በመሰንጠቅ ጊዜ ነው። ከስሌዱ መደገፊያ ኋላ፣ ዲስኩ በሚወጣበት ቦታ፣ ወፍራም ጉማጅ አጣብቁ፤ አውራ ጣት ሁልጊዜ የምታርፈው እዚያ ነው።

ጣውላ_ቤት (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሦስት ነገር ልጠይቅ። ውስጡን የሚሞሉትን ትናንሽ ቁራጮች በዚሁ ስሌድ በ45 ዲግሪ ልቁረጣቸው? የጃፓኖቹን ሥራ ስመለከት ዘንጎቹ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች እየሆኑ ይተላለፋሉ፣ እኔም እንዲያ ላድርግ? እንጨቱስ ምን ይሻላል?

መሮና_መላጊያ

ትናንሾቹን ዲስክ አጠገብ አታድርሳቸው። 15 ሚሊ ቁራጭ በዲስክ ሲነካ ይወረወራል፣ ጣትም ይቀርባል። እነሱ በቀጭን የእጅ መጋዝ ተቆርጠው በመሮ ነው የሚሳሉት። ከጠንካራ እንጨት ሁለት ጉማጅ አዘጋጅ፣ የአንዱ ጫፍ በ45፣ የሌላው በ22.5 ዲግሪ ተዳፋት የሆነ፣ በላዩ ዘንጉ የሚተኛበት ቦይና ርዝመት የሚወስን መቆሚያ ያለው። ጉማጆቹን በስሌዱ ላይ ልትቆርጣቸው ትችላለህ። መሮውን በተዳፋቱ ላይ አስተኝተህ ትገፋለህ፣ ዘንጉን ገልብጠህ ሌላውን ፊት ትደግማለህ።

ለ24 ዓይን የሚያስፈልግህ 24 ሰያፍ፣ 48 ማጠፊያና 48 መቆለፊያ ነው። ሰያፉ ዓይኑን ለሁለት ይከፍላል፣ ሁለቱም ጫፉ በ45 ይሳላል። የዓይኑ ክፍተት 38 ሲቀነስ 3.2፣ 34.8 ሚሊ ስለሆነ ሰያፉ ከጫፍ ጫፍ 49.2 ይሆናል፤ በ50 ቆርጠህ አሳጥረው። ማጠፊያው በእያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ይገባል። ሁለቱ ጫፎቹ በ22.5 ይሳሉና መሐሉ ላይ በእጅ መጋዝ ትቆርጠዋለህ፣ ግን አትበጥሰውም። እንደ ወረቀት የቀጠነ ጭረት ብቻ ታስቀርና በእሱ ታጥፈዋለህ። የተከፈተው ስንጥቅ ወደ ዓይኑ ማዕዘን ይመልከት። መቆለፊያው አንድ ጫፉ 45 ሆኖ ማዕዘኑ ላይ ይቀመጣል፣ ሌላው 22.5 ሆኖ ስንጥቁ ውስጥ ይገባና ሁሉንም ይወጥራል። ማጠፊያውን በ50፣ መቆለፊያውን በ16 ጀምርና መቆሚያውን በጥቂቱ እያስጠጋህ አንድ ዓይን ላይ ሞክር። ያ ዓይን ሲገጥም መቆሚያውን ሳትነካ 48ቱንም ጨርስ። መቆለፊያው ሲረዝም የፍርግርጉን ዘንግ ይገፋውና ጎረቤቱ ዓይን ይጠባል፤ ዘንጉ ሲቆለመም ካየህ ምክንያቱ ያ ነው።

ኮላ በፍርግርጉ መጋጠሚያ ላይ ብቻ፣ በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ አንዲት ጠብታ ነጭ ኮላ። የመሙያ ቁራጮቹ በመወጠር ይቆማሉ፣ ኮላ አይፈልጉም። ማለስለሱን ከመገጣጠምህ በፊት ጨርስ። ከተገጣጠመ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ብታሸው ኩሚኮን ኩሚኮ ያደረገው ያ የሰላ ጠርዝ ይዶለዱማል።

ስለ መተላለፉ፣ የሾጂ (የጃፓን ባለ ወረቀት ተንሸራታች) በሮች ላይ ቦዮቹ ፊት እየቀያየሩ ይወጣሉ፣ ዘንጎቹም እንደ ድርና ማግ ይጠላለፋሉ፤ ወረቀት ብቻ ለሚለጠፍበት ባዶ ፍርግርግ ጥንካሬ ይሰጣል። በፒን ስሌድ ግን አይመችም፣ ምክንያቱም ያለፈው ቦይ በጀርባ በኩል ስለሚሆን ፒኑ የሚይዘው አያገኝም። የአንተን አሳኖሃ መሙያዎቹ ራሳቸው ይወጥሩታል፣ ባለ አንድ ፊት ቦይ ይበቃዋል።

የጥድ_ሽታ

እንጨቱን እኔ ልመልስ። ጃፓኖቹ የሚመርጡት ሂኖኪና ሱጊ ነው፣ ሁለቱም ለስላሳ፣ ጭረታቸው ቀጥ ያለ። አሜሪካ ካለህ ባስውድ በቀላሉ ታገኛለህ፣ ነጭና እኩል ነው፣ ለጀማሪ ከእሱ የሚሻል የለም። የአላስካ ቢጫ ሴዳርና ፖርት ኦርፎርድ ሴዳር ደግሞ ለሂኖኪ በጣም የቀረቡ ናቸው። አገር ቤት ለሚሠራ የፈረንጅ ጥድ ከሂኖኪ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ጉጥ የሌለበትንና በደንብ የደረቀውን ፈልጎ መያዝ ነው። ወይራ ለዚህ አይሆንም፣ ጠንካራ ስለሆነ ማጠፊያው ሲታጠፍ ይሰበራል፣ ዘንጉም ቦዩ ውስጥ ትንሽ ተጨምቆ የመግባት ባሕርይ የለውም።

ጭረቱ በዘንጉ ርዝመት ቀጥ ብሎ መሄዱን ተመልከት። ቁራጩን ፈልጠህ ስንጥቁ ወደ ጎን ከሸሸ ያ ጣውላ ለማጠፊያ አይሆንም። ማጠፊያው ቀጥ ባለ ጭረትም እየተበጠሰብህ ከሆነ የሚታጠፍበትን ቦታ በእርጥብ ጣት ነካ አድርገህ አንድ ደቂቃ ጠብቅ፣ ከዚያ እጠፈው። የተላጉትን ዘንጎች ደግሞ በዚያው ቀን ካልገጣጠምሃቸው በፕላስቲክ ጠቅልለህ አሳድራቸው። እርጥበት ከወሰዱ ማታ በጣት የገባው ጠዋት መዶሻ ይጠይቅሃል።