ጎንደር ስትሄዱ «የስንዴ ጾም ላይ ናት» በያቸው

እህቴ፣ ትናንት የጻፍሽውን አነበብኩት። ልጅሽ ሲሊያክ፣ ማለትም በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም፣ አለባት ተብላችኋል፤ ለጥምቀት ደግሞ ጎንደር አያቷ ጋ ልትወስጃት ነው። የመለሱልሽ ሁሉ «አይዞሽ፣ አገር ቤት ጤፍ ነው፣ ጤፍ ደግሞ ግሉተን የለውም» ብለውሻል። እውነታቸውን ነው። እኔም ይህንኑ ብዬ ሄጄ በ4ኛው ቀን አልጋ ያዝኩ።

የኔን ባጭሩ ልንገርሽ። ፍራንክፈርት ከገባሁ በኋላ ለዓመታት ሆዴ ይነፋል፣ ያስቀምጠኛል፣ ደም አነሰሽ እባላለሁ። እኔ ጨጓራ ነው ብዬ ተልባ ስጠጣ ከረምኩ። እኛ ዘንድ ከደረት በታች ያመመ ሁሉ ጨጓራ አይደል? በመጨረሻ ደም መረመሩኝ፣ ከትንሹ አንጀቴም ናሙና ወሰዱ፣ ሲሊያክ ነው አሉኝ። ነገሩ በቤተሰብ ስለሚሄድ ሌሎቹን ልጆችሽንም አስመርምሪ። ግን ከምርመራው በፊት ስንዴ እንዳታስቆሚያቸው። ካቆሙ ሕመሙ እያለ ውጤቱ «የለም» ሊል ይችላል።

የሚያሳምመው ስንዴ፣ ገብስ እና ጀርመኖቹ ጥቁር ዳቦ የሚጋግሩበት ሮገን ነው። እዚህ ከሱቅ የምንገዛው እንጀራም ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ የገባበት ስለሆነ ቤቴ መጋገር ከጀመርኩ ቆየሁ። ጎንደር ስሄድ ግን እፎይ አልኩ። እማዬ የደንቢያ ነጭ ጤፍ ከቅዳሜ ገበያ ገዝታ፣ ሁለት ጊዜ ነፍታ ጠብቃኛለች። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ወፍጮ ቤት አብሬያት ሄድኩ። ከእኛ ፊት የነበረችው ሴትዮ ስንዴ አስፈጭታ ወጣች። ባለወፍጮው የኛን ጤፍ እዚያው ላይ ገለበጠው። ከአፉ መጀመሪያ የወረደው ዱቄት ነጣ ያለና ሸካራ ነበር። የሴትዮዋ ስንዴ ትራፊ ነው። እማዬ በእጇ ጠርጋ ወደ ጆንያችን ከተተችው፤ ዱቄት አይጣልማ። እርሾው ከጎረቤት ተለምኖ የመጣ ነው፤ የጎረቤታችን ሊጥ ደግሞ ገብስ አለበት። ምጣዱ ላይ ጠዋት አምባሻ ተጋግሯል። እንግዲህ ጤፉ ምን አጠፋ?

አውሮፓ ውስጥ «ግሉተን የለውም» ተብሎ የሚሸጥ ምግብ በ1 ኪሎ ውስጥ ከ20 ሚሊግራም በላይ ግሉተን ሊኖረው አይገባም። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ፤ አንድ እፍኝ የስንዴ ዱቄት 1 ኩንታል ጤፍ ከዚህ ልክ ለማሳለፍ ይበቃል።

ትልቁ ጣጣ ግን ማስረዳቱ ነበር። «አለርጂ ነው» አልኳቸው። እማዬ አለርጂ የምታውቀው በአቧራ ማስነጠስ ነው። አክስቴ «ትንሽ ትንሽ እየቀመስሽ ልመጂው» አለችኝ። የሐኪም ወረቀት አሳየሁ፤ በጀርመንኛ ነው፣ ማን ያነበዋል? ጠበል ግቢ ያለኝም አለ። እምቢ ስል ደግሞ ውጭ አገር ኖራ እንጀራችንን ናቀች የሚል ዓይን መጣ። እሱ ከሆዴ ይልቅ አመመኝ።

ወሩ ታኅሣሥ ነው፣ የገና ጾም። አንድ ቀን ታናሽ እህቴ ለልጇ ቅቤ ባወጣችበት ማንኪያ የጾሙን ሽሮ አማሰለችው። እማዬ ከጓዳ ጮኸች፦ «ፍስክ ነካሽው!» ድስቱ እንዳለ ለልጆቹ ተላለፈ፣ ሌላ ሽሮ ተጣደ። ስንት ቅቤ ገባ ብሎ የጠየቀ የለም።

ያኔ ነው የበራልኝ። «እማዬ፣ እኔ የስንዴ ጾም ላይ ነኝ። ስንዴ የነካው ሁሉ ለኔ ፍስክ ነው» አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ። በማግስቱ አዲስ ምጣድ ገዝታ መጣች። የኔ ማሰሻ፣ የኔ ወንፊት፣ የኔ ሌማት ለብቻ ተቀመጠ። እርሾውን ከጤፍና ከውሃ ብቻ ከባዶ አስነሳችው፤ ቀናት ፈጀ እንጂ ሠራ። ወፍጮ ቤት በጠዋት፣ ጤፍ ብቻ የሚፈጭበት ድንጋይ ያለበትን መርጣ መሄድ ጀመረች። መጀመሪያ የሚወርደውን ሁለት ኪሎ ለጎረቤት ትሰጠዋለች። ከዚያ በኋላ ቤቱን የምትጠብቀው እሷ ሆነች። አክስቴ ዳቦ ቆርሳ በዚያው እጇ ልታጎርሰኝ ስትል እጇን በአየር ላይ ያዘችባት።

ስለዚህ ለልጅሽ ጉርሻ የምትሰጣት አያቷ ብቻ ትሁን። ጥምቀት ሰሞን የገባሽበት ቤት ሁሉ ድፎ ዳቦ ይቆረሳል፣ ሁሉም ሊያጎርሳት ይፈልጋል። ቆሎ ከተሰጣት ገብስ አለበት፤ ንፍሮም እንደዚሁ ስንዴ አለበት። ሽምብራ ብቻ ለይተሽ ቤት ቁዪላት። ዳጉሳ፣ ማሽላ፣ በቆሎ አያሳስቡሽ። ወደ ዳባትና ደባርቅ ከወጣችሁ ግን ደጋ ነው፣ የገብስ አገር፤ እንጀራውን ሳትጠይቂ አታብዪ። ለእኛ ለትልልቆቹ ደግሞ ጠላም፣ ኮረፌም፣ ዳሽን ቢራም ገብስ ናቸው። ጠጅ ማርና ጌሾ ነው፣ እሱ ይቅርታ አድርጎልናል።

እዚሁ ስለ ሰሊጥ አለርጂህ የጠየቅኸው ወንድሜ፣ ያንተ ከኛ ይለያል። እኛን አንጀታችንን ይጎዳናል፤ አንተን በደቂቃዎች ትንፋሽ ሊያሳጥርህ ይችላል። ጎንደር ደግሞ የመተማና የሁመራ ሰሊጥ የሚያልፍባት ከተማ ናት። የጾም ወጥ በኑግ ነው ቢሉህም፣ ኑጉ የተጨመቀበት ማሽን ሰሊጥም ይጨምቅበት ይሆናል። አውሮፓ ማሸጊያ ላይ እንዲጻፉ ካስገደደቻቸው 14 አለርጂ አምጪዎች ውስጥ ሰሊጥ፣ ለውዝ፣ ሰናፍጭና ግብጦ አሉ፤ አራቱም እኛ ጋ የጾም ምግብ ናቸው። በጀሪካን የሚሸጥ ዘይት ላይ ደግሞ ምንም አይጻፍም። የአድሬናሊን መርፌህን ሁለት አድርገህ በእጅ ሻንጣ ያዝ፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አትተወው። አብሮህ ለሚውል ሰውም እንዴት እንደሚወጋ አሳየው።

እማዬ ባለፈው እሑድ ስደውልላት «ያ ጾምሽ እስካሁን አልተፈታም?» አለችኝ። አይፈታም እማዬ፣ የዕድሜ ልክ ነው አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «እንግዲያው ምጣድሽን ቆጥ ላይ አውጥቼዋለሁ፣ ማንም አልነካውም» አለችኝ።