«በፈቃዳቸው ነው የሄዱት» ስለተባለው የዋሽንግተን ቻይናታውን

የሻው ልጅ፦
ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ አንዲት የዲዛይን ተማሪ የሠራችው ስዕል ተለጥፎ ነበር። ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። በ1997 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ዲሲ ቻይናታውን ላይ የስፖርት አዳራሹ ባይሠራ ኖሮ ሰፈሩ ዛሬ ምን ይመስል ነበር ብላ ነው የሳለችው። አዳራሹ ባለበት ቦታ ከታች ገበያ፣ ከላይ ለሽማግሌዎችና ለቤተሰቦች መኖሪያ። ከጎኑ እሷው ያዘጋጀችው የሱቅ ኪራይ ውል አለ። ሮክቪል የሚባለው ወንድማችን ከስሩ ምን አለ? «ማንም አላባረራቸውም፣ በፈቃዳቸው ነው የሄዱት። ያልሆነ ታሪክ መሳል ለማን ይጠቅማል?» ያን ሁሉ ላይክ ሳይ ዝም ማለት አቃተኝ። ሰፈሩ በደህናው ጊዜ ወደ 3,000 ቻይናውያን ይኖሩበት ነበር። አሁን የቀሩት 300 ገደማ ናቸው። ያ ሁሉ ሰው በፈቃዱ ነው የወጣው?

ሮክቪል፦
ያልኩትን አልደብቅም፣ ደግሜ እላለሁ። ጎረቤቶቼ ቻይናውያን ናቸው። የአንደኛው አባት እዚያው ቻይናታውን፣ ኤች መንገድ ላይ ሱቅ ነበራቸው። የወጡት ለልጆቻቸው ትምህርት ቤትና ግቢ ላለው ቤት ብለው ነው። ቻይናውያን ከሰፈሩ በብዛት መውጣት የጀመሩት ማርቲን ሉተር ኪንግ ተገድሎ ከተማው በተቃጠለበት በ1968 ነው። አዳራሹ የተከፈተው ዲሴምበር 1997 ነው። ገና ላልተሠራ ሕንፃ ብሎ የወጣ ሰው የለም።

አርክቴክቷ፦
ለምን ከ1968 ጀመርክ? የመጀመሪያው ቻይናታውን እኮ ኤች መንገድ ላይ አልነበረም። ፔንሲልቫኒያ ጎዳና ላይ፣ ካፒቶል (የኮንግረስ ሕንፃ) አጠገብ ነበር። በ1930ዎቹ መንግሥት ቦታውን ለራሱ ሕንፃዎች ፈለገውና ሰዎቹን አስነሳ። ኤች መንገድን ያፈላለገው ኦን ሊዮንግ የሚባለው የነጋዴዎች ማህበር ነው። እዚያ የነበሩ ባለንብረቶች ደግሞ እንዳይመጡብን ብለው ተቃወሙ። ቻይናውያን ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ የሚያግደው የ1882ቱ ሕግ ያኔ ገና አልተሻረም፤ የተሻረው በ1943 ነው። ቀጥሎ ደግሞ ትልቅ የስብሰባ ማዕከል እዚያው ተሠራ። በሱ ለተፈናቀሉት ተብሎ በ1982 ዋ ላክ ሃውስ ተሠራ፣ 153 አፓርታማ። ስድስተኛና ኤች ማዕዘን ላይ ዛሬም ቆሟል። የተፈናቀለ ሰው ባይኖር ለተፈናቃይ ቤት ለምን ይሠራል? «በፈቃዳቸው» የምትለው ከየትኛው በኋላ ነው?

ጋሽ ታክሲ፦
ልጆቼ፣ እኔ በዚያ ሰፈር ብዙ ዘመን ነድቻለሁ። ከአዳራሹ በፊት ማታ ሰባተኛ መንገድ ላይ ሰው አይገኝም ነበር። ተሳፋሪ ፈልገን ወደ ጆርጅታውን ነበር የምንሮጠው። አዳራሹ ሲከፈት ጨዋታ ባለ ቀን ሁሉ ሥራ ሆነ። በዚያ ገንዘብ ልጆቻችንን አስተማርን። ደግሞ ሕንፃውን የክለቦቹ ባለቤት የነበረው ኤብ ፖሊን በራሱ ገንዘብ ነው የሠራው፤ ከተማው ቦታውን ነው ያመቻቸው። ስዕሏን አየሁት፣ ቆንጆ ነው። ግን የኛ እንጀራ የለበትም።

የሻው ልጅ፦
ጋሼ፣ እንጀራዎን ማንም አልነካም። ጥያቄው ሌላ ነው። አዳራሹ የአንድም ቻይናዊ ቤት ላይ ባያርፍ እንኳን፣ ከሱ በኋላ የዙሪያው ኪራይና የንብረት ግብር የት ደረሰ? ዳ ሁዋ የሚባለው ትልቁ የቻይና ግሮሰሪ በ2005 ተዘጋ። ጎመንና ሩዝ የሚገዛበት ያጣ ሽማግሌ በአውቶቡስ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ድረስ መሄድ ግድ ሆነበት። እንዲህ ያለ ሰው ቤቱን ለቆ ሲወጣ «በፈቃዱ» ይባላል?

ሮክቪል፦
አንድ ቃሌን ይዛችሁ ታኝካላችሁ። ቤት የነበራቸው በጥሩ ዋጋ ሸጠዋል። ይሄን ለምን አትናገሩም? ስዕሏ ላይስ ለምን የሉም? ባለቤቶቹም ቻይናውያን ነበሩ። ሸጠው ሜሪላንድ፣ ሮክቪል ከተማ ትልቅ ቤት ገዙ፣ ልጆቻቸውን ዶክተር አደረጉ። ስዕሉ እነዚህን ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ሱቅ ጀርባ አስቀምጧቸዋል። ለነሱ ክብር ያለኝ እኔ ነኝ።

አርክቴክቷ፦
ይሄ ነጥብ ከባድ ነው፣ አልንቀውም። ግን የሸጠውና የተከራየው አንድ ሰው አይደለም። አብዛኛው ነዋሪ ተከራይ ነው። ባለቤቱ ሲሸጥ ተከራዩ ምን ይዞ ይወጣል? ሙዚየም ስኩዌርን እንይ፣ ኬ መንገድ ላይ ያለውን። 302 አፓርታማ፣ ያኔ በሰፈሩ ከቀሩት ቻይናውያን ብዙዎቹ እዚያ ነበሩ። በ2014 ባለቤቱ ላፈርሰው ነው አለ። የዲሲ ሕግ ተከራዮች ቀድመው የመግዛት መብት አላቸው ይላል። ባለቤቱ የጠራው ዋጋ 250 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በመንግሥት ድጎማ የሚኖሩ አዛውንቶችን «እንካችሁ ግዙት» ነው ያላቸው። ተከራዮቹ ፍርድ ቤት ሄዱ፣ ተሟገቱ፣ ዋጋው አግባብ አይደለም አስባሉ። መሄድ ፈቃዳቸው ቢሆን ኖሮ ፍርድ ቤት ምን ወሰዳቸው?

ሮክቪል፦
እሱ ላይ ሕጉ ሠርቷል ማለት ነዋ።

አርክቴክቷ፦
ሕጉ የሠራው ሰዎቹ አንሄድም ስላሉ ነው!

ከፊላደልፊያ፦
እኔ የምኖረው ፊላደልፊያ ነው፣ ላንዴ ስሙኝ። «ያልሆነ ታሪክ ለማን ይጠቅማል» ላልከው መልሱ እኛ ከተማ አለ። ቻይናታውናችን በ2000 የቤዝቦል ስታዲየም ሊሠራበት ነበር፣ ሕዝቡ ታግሎ አስቀረው። በ2022 ደግሞ የቅርጫት ኳስ አዳራሽ እዚያው አጠገብ ይሠራ ተባለ። ሰልፍ የወጡት ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት የእናንተን ሰፈር ነበር። ዲሲን እዩ፣ የቻይናታውኑ ትልቁ በር ብቻ ቀረ፣ ሰዉ የለም ይሉ ነበር። ዲሴምበር 2024 የከተማው ምክር ቤት አፀደቀው። ጃንዋሪ 2025 ክለቡ ራሱ ተወው። ያቺ ልጅ በስዕል ያሳየችውን እነሱ በእግራቸው ቆመውበታል።

ሮክቪል፦
ክለቡ የተወው ከነባሩ አዳራሽ ባለቤት ጋር ስለተስማማ ነው። ሒሳብ ሠርቶ ነው። ሰልፉ አይደለም ያስቀረው።

ከፊላደልፊያ፦
ሁለት ዓመት ተኩል ያጓተተው ማን ሆነና ነው ሒሳቡ የተቀየረው? በቪን መንገድ የሚያልፈው አውራ ጎዳና ጊዜም እንደዚሁ ነበር። የቻይናውያኑን ቤተ ክርስቲያን ሊያፈርሱት ነበር። ሰዉ ተነሳ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬም አለ። እነዚህ ሰዎች ለማንም በፈቃዳቸው የለቀቁት ነገር የለም።

ጋሽ ታክሲ፦
እኔ ቅር ያለኝ ሌላ ነው። ስዕሏ ላይ በሩ የለም። በ1986 የተሠራው ትልቁ በር፣ ሰባት ጣሪያ ያለው፣ 272 ዘንዶ የተሳለበት። ከቤጂንግ ጋር በጋራ ነው ያሠሩት። ስንቱን ቱሪስት ወስጄ አሳይቻለሁ። እሱን አውጥቶ ቻይናታውን መሳል ምን ማለት ነው?

አርክቴክቷ፦
ጋሼ፣ በሩ እንዲሠራ የሰፈሩ ሰው ሁሉ አልፈለገም። ታይዋንን የሚደግፉት ነጋዴዎች የቤጂንግ መንግሥት ምልክት ሰፈራችን ላይ አይቆምም ብለው ተቃውመው ነበር። ተማሪዋ በሩን ያወጣችው አውቃ ነው ብዬ አምናለሁ። ኪነ ሕንፃውን እወደዋለሁ፣ ሠሪው አልፍሬድ ሊዩም ትልቅ ባለሙያ ነው፤ ዋ ላክ ሃውስም የሱ ሥራ ነው። የሚያሳዝነኝ ከሰዉ ይልቅ ለጌጡ የተጠነቀቅን መሆናችን ነው። የከተማው የዲዛይን መመሪያ ሱቆቹ ስማቸውን በቻይንኛም እንዲጽፉ ያስገድዳል። ሰባተኛ መንገድ ላይ ቁሙና ቀና በሉ። ቡና ቤቱ፣ የልብስ መደብሩ፣ ፋርማሲው ሁሉ ከእንግሊዝኛው በላይ ወይ ከጎን የቻይንኛ ፊደል አለው። ፊደሉ ንፁህ ነው፣ ቀለሙ ደማቅ ነው። የሚያነበውን ሰው እዚያ ሰፈር የሚያቆይ መመሪያ ግን አልወጣም።

ጋሽ ታክሲ፦
ታዲያ ፊደሉም ይነሳ? በሩም ይፍረስ? የቀረችው እሷ ናት እኮ።

አርክቴክቷ፦
አይፍረስ ጋሼ፣ እኔ እንዲህ አላልኩም።

የሻው ልጅ፦
ለዚህ ነው ነገሩ የኛም የሆነው። በ2005 ዘጠነኛ መንገድ ላይ፣ ዩ መንገድ አካባቢ፣ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ይባል ተብሎ ነበር፣ የሎስ አንጀለሱ ፌርፋክስ በ2002 እንዳገኘው። ተቃውሞ በዛና ሳይሆን ቀረ። ከዚያ ወዲህ ስንት ሬስቶራንት ከዲሲ ውጭ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ወጣ? የእናቴ አንዱ ነው። ባለንብረቱ ውል ሲያድስ ኪራዩን እጥፍ አደረገባት። ዕቃውን ስንጭን ምድጃው ሥር የተጣበቀውን የበርበሬ ዘይት ስትፍቅ አመሸች፣ ንፁህ አድርጌ ነው የማስረክበው ብላ። ሮክቪል፣ እሷም በፈቃዷ ነው የወጣችው?

ሮክቪል፦
እናትህን አከብራለሁ። ግን 2005ን ካነሳህ ሙሉውን አንሳ። የተቃወሙት ጥቁር አሜሪካውያን ነዋሪዎች ነበሩ። ዩ መንገድ የነሱ ታሪክ ነው፣ ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት ሰፈር ነው። እኛ ትናንት መጥተን ስማችንን እንለጥፍ አልን። ያቺ ተማሪ ሻው የሚባለውን የዩ መንገድ ሰፈር «ባይሆን ኖሮ» ብትስል እኛ ስዕሉ ላይ እንኖር ነበር ወይ?

የሻው ልጅ፦
እኛ ማንንም አላስወጣንም! የገባነው የተዘጋ ሱቅ ውስጥ ነው። መብራት የሌለው መንገድ ላይ ነው የከፈትነው።

ሮክቪል፦
አዳራሹን የሠራውም «ባዶ ቦታ ነበር» ነው ያለው።

የሻው ልጅ፦
የቢሊየነር ስታዲየምና የእናቴ ሃያ ወንበር በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። ይሄን ነገር መልሰው።

ከፊላደልፊያ፦
ወደ ቻይናታውን ብንመለስ ምናለ?

አርክቴክቷ፦
እመለሳለሁ፣ ምክንያቱም ሁላችሁም ስዕሉን አይታችሁ ውሉን አላነበባችሁትም። ለኔ ዋናው ሥራዋ እሱ ነው። ሕንፃውስ እውነቱን ለመናገር ቀይ ፋኖስ በዝቶበታል፣ ክሊኒክም የለው። ውሉ ግን በደንብ ታስቦበታል። መሬቱ የነዋሪዎች ማህበር ነው፣ አይሸጥም። የሱቅ ኪራይ የሚጨምርበት ጣሪያ ተቀምጧል። አንቀጽ ስድስት ላይ ተከራዩ ሲሞት ልጁ ወይም ሠራተኛው በዚያው ዋጋ ይቀጥላል ይላል። ሠራተኛው የሚለውን ልብ በሉ። ልጅየው ዶክተር ሆኖ ሮክቪል ሄዷል፣ ይሁን፣ ደስ ይበለው። ወጥ ቤት ሲሠራ የኖረው ሰው ግን ሱቁን ይቀጥላል። ሮክቪል፣ አንተ ያልከውን ቤተሰብ አልረሳችም፣ መልስ ነው የሰጠችህ። ይሄ ደግሞ ሕልም አይደለም። ቦስተን ቻይናታውን ውስጥ ነዋሪዎች የመሬት ማህበር አቋቁመው ያረጁ ቤቶችን እየገዙ ከገበያ አውጥተዋል።

ሮክቪል፦
ውሉን አነበብኩት። አንቀጽ ስድስት ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር የለበትም፤ መሬቱን በ1997 ማን ነበር የሚገዛው? ከተማው ያኔ በኪሳራ ላይ ነበር፣ ኮንግረስ ያቋቋመው ቦርድ ነበር በጀቱን የሚቆጣጠረው። ገንዘብ ያለው ሰው መጣ፣ እሺ አሉት። ሌላ ምርጫ አልነበረም። ለዚህ ነው አዳራሹ ባይኖር ኖሮ የሚባለውን ስዕል ልቤ ያልተቀበለው።

የሻው ልጅ፦
ዛሬስ? ዲሴምበር 2023 አዳራሹ ውስጥ የሚጫወቱት ክለቦች ባለቤት ወደ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ልሄድ ነው አለ። በማርች 2024 ከንቲባዋ 515 ሚሊዮን ዶላር ልትሰጠው ተስማማችና ሳይሄድ ቀረ። ያ ገንዘብ ሙዚየም ስኩዌርን ባለቤቱ በጠራው ዋጋ ሁለት ጊዜ ይገዛል። ምርጫ አልነበረም አትበለኝ።

ጋሽ ታክሲ፦
አዳራሹ ቢሄድ ኖሮ ያ ሰፈር እንደገና ይጨልም ነበር። ያን ጊዜ እናንተ አልነበራችሁም፣ እኔ ነበርኩ።

ሮክቪል፦
ጋሼ ልክ ናቸው። 515 ሚሊዮኑ ሥራ ያመጣል፣ ግብር ያመጣል። አፓርታማ መግዛት ምን ያመጣል?

አርክቴክቷ፦
300 ሰው ያቆያል። ለዚያም ነው በ1997 ሳይሆን ከዛሬ ተነስታ ቀጣዩን ስዕል እንድትሠራ ልጽፍላት ያሰብኩት። ሮክቪል፣ የጎረቤትህ አባት በሕይወት ካሉ ጠይቅልኝ፤ ሱቃቸውን የሸጡት በየትኛው ዓመት ነው? ኪራይ ላይ የነበሩት ሠራተኞቻቸውስ የት ገቡ?

ሮክቪል፦
እጠይቃለሁ። መልሱ ግን ያልኩትን አይቀይረውም።