ኔቲቭ ልጆች ባሉበት ትምህርት ቤት ለባህል ወርክሾፕ ገንዘብ ከየት ይገኛል? (ሲያትል አካባቢ)

የሦስት ልጆች እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ከሲያትል በስተደቡብ ባለ አንድ ኤለመንታሪ ትምህርት ቤት የወላጆች ማኅበር ገንዘብ ያዥ ነኝ። ጠዋት በሩ ላይ ብትቆሙ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ፣ ስፓኒሽና ቬትናምኛ ትሰማላችሁ። ኔቲቭ ልጆችም (የአሜሪካ ነባር ነገዶች ልጆች) አሉን። ስንት ናቸው ብዬ ጽሕፈት ቤቱን ስጠይቅ «አራት» አሉኝ። እኔ በልጆቼ ጓደኞች በኩል ብቻ የማውቃቸው ሰባት ናቸው።

ባለፈው ዓመት የባህል ምሽት አዘጋጅተን ነበር። እንጀራው፣ ሳምቡሳው፣ ባንዲራው ሁሉ ደምቆ አመሸ። ሰው ሊበተን ሲል የልጄ ጓደኛ አያት፣ የማክልሹት ነገድ ተወላጅ ናቸው፣ ወደ እኔ መጥተው በዝግታ «ጠረጴዛ የሚሰጠው በአገር ነው?» አሉኝ። «አዎ» አልኳቸው። «የእኛ አገር ይሄው ነው» አሉና የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ወጡ። ምንም አልተቆጡም። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የጠረጴዛዎቹን ዝርዝር ያወጣሁት ራሴ ነኝና።

ዘንድሮ በደንብ ልንሠራው እንፈልጋለን። ለአራተኛ ክፍል ልጆች በሙሉ የዝግባ ልጥ ሽመና አዋቂ ከነገዱ መጥተው እንዲያስተምሩ፣ ከእኛም ወገን የፊደል አጻጻፍና የማሲንቆ ወርክሾፕ እንዲኖር። በካዝናችን ያለው 3,200 ዶላር ነው። ሳሰላው ወደ 8,000 ይጠጋል። ሁሉንም «ብዝኃ ባህል» ብለን በአንድ ማመልከቻ ብናስገባ ይሻላል? ደግሞ ከኮሚቴው አንዱ ሽመናውን ለሚያስተምሩት አዋቂ «የስጦታ ካርድ ይበቃቸዋል» ብሏል። ለሂሳብ መምህር እንዲህ እንላለን? ምን ያህል መክፈል ተገቢ ነው?

የቀድሞ የዲስትሪክት ሠራተኛ

እህቴ፣ በአንድ ማመልከቻ አታስገቢው። ሁለቱ ገንዘቦች መንገዳቸው ለየቅል ነው።

የኔቲቭ ልጆች ነገር እዚህ አገር ሕግ ፊት እንደ እኛ የመጤ ባህል ጉዳይ አይደለም። ነገዶቹ ከፌዴራል መንግሥት ጋር ውል ያላቸው መንግሥታት ናቸው። የእናንተ አካባቢ መሬት የተላለፈው እ.ኤ.አ. በ1855 በፖይንት ኤሊዮት ውል ነው። ስለዚህ ለትምህርታቸው የተለየ የፌዴራል ገንዘብ አለ፤ ታይትል ሲክስ ይሉታል፣ መነሻው የ1972ቱ ሕግ ነው። ለዲስትሪክቱ (የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች ለሚያስተዳድረው አካል) የሚሰጠው በልጅ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩም የሚያዘው ወላጅ ፈርሞ ከሚመልሰው 506 ከሚባለው ፎርም እንጂ ከምዝገባው ኮምፒውተር አይደለም።

አራትና ሰባት የተለያዩት በዚህ ይመስለኛል። ምዝገባ ላይ ሂስፓኒክ (የስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች ዝርያ) የሚለውን ምልክት ያደረገ ልጅ ኔቲቭም ቢሆን በሂስፓኒክ ይቆጠራል። ሁለት ዘር የጠቀሰ ደግሞ «ሁለትና ከዚያ በላይ» ውስጥ ይገባል። 506 ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ልጁ ራሱ፣ ወይም ወላጁ፣ ወይም አያቱ የነገድ አባል ነው ወይ? የአያት አባልነት ይበቃል። አንዴ ተሞልቶ ፋይል ከገባ በየዓመቱ መታደስ አያስፈልገውም። እንደ አጠቃላይ ደንብ ዲስትሪክቱ ቢያንስ 10 ልጆች ወይም ከተማሪዎቹ 25 በመቶ ሊኖሩት ይገባል፤ የሚደመረው ዲስትሪክቱ ነው፣ የእናንተ ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ይህን ያዢ፦ የዚህ ገንዘብ አጠቃቀም በወላጆች ኮሚቴ በጽሑፍ መጽደቅ አለበት። ከኮሚቴው አባላት የሚበዙት የኔቲቭ ልጆች ወላጆችና ቤተሰቦች መሆን አለባቸው። እኚያ አያት ሊቀመጡበት የሚችሉት ወንበር እዚያ አለ። ለማሲንቆ ግን ከዚህ ገንዘብ ሳንቲም አይነካም፤ ዓላማው የእነሱ ልጆች ትምህርት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ፎርሙን እናንተ አታድሉ። የብዙዎቹ ኔቲቭ ቤተሰቦች አያቶች በመንግሥት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ያለፉ ናቸው፤ ልጅ ከቤተሰቡ ተነጥሎ ቋንቋውን እንዲተው የተደረገበት ዘመን በየቤቱ አልተረሳም። የነገድ ስም የሚጠይቅ ወረቀት ከትምህርት ቤት ሲመጣ ቢጠራጠሩ አይፈረድባቸውም። ዲስትሪክቱ የኔቲቭ ትምህርት አስተባባሪ ካለው እሱ ይዞት ይሂድ።

መምህርት ከታኮማ

ከላይ የተባለው ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ከክፍል ውስጥ ነው።

በዋሽንግተን ስቴት ከ2015 ወዲህ ዲስትሪክቶች የአቅራቢያቸውን ነገድ ታሪክ፣ ባህልና አስተዳደር በማኅበራዊ ትምህርት ውስጥ ማካተት ግዴታቸው ነው። ስለዚህ ርዕሰ መምህሩን ስታናግሪ ልመና አታድርጊው። የሥርዓተ ትምህርት ግዴታ ከሆነ ከሥርዓተ ትምህርት በጀትም ሊከፈል ይገባዋልና ይህን ጠይቂ። የማኅበራችሁ 3,200 ሙሉውን መሸከም የለበትም።

ስለ ክፍያው፦ ራሳቸውን ጠይቂ፣ የጠየቁትን ክፈሉ። የዝግባ ልጥ የሚላጠው ጭማቂው በሚወጣበት ወቅት፣ በዚህ አገር ፀደይና በጋ መግቢያ ነው። ከዚያ ይደርቃል፣ ይቀመጣል፣ ሊሸመን ሲል ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ ይሰነጠቃል። ልጆቹ ፊት የሚታየው አንድ ሰዓት ነው፤ ከኋላው የወራት ሥራ አለ። በጀቱ ላይ የማስተማሪያውን ሰዓት ብቻ ጽፋችሁ የልጡንና የመንገዱን ብትተዉ በነጻ አሠራችኋቸው ማለት ነው። እኔ ባለፉት ዓመታት ያየሁት ሌላው ችግር የክፍያ መዘግየት ነው። አንድ አዛውንት እንግዳችን ኢንቮይስና የግብር ፎርም ሞልተው ሁለት ወር ጠበቁ። ወረቀቱን አስቀድማችሁ ጨርሱና ቼኩ በዕለቱ በእጃቸው ይግባ።

ኖቬምበርንም ተዉት። የኔቲቭ ቅርስ ወር ስለሆነ ሁሉም ትምህርት ቤት የሚጠራቸው ያኔ ነው።

አባ ዳዊት

ለእኛው ወገን ክፍል፣ ሲያትል ያለችበት ኪንግ ካውንቲ በ2023 መጨረሻ ያጸደቀው ዶርስ ኦፕን የሚባል 0.1 በመቶ የሽያጭ ግብር አለ፤ 4ካልቸር የሚባለው የካውንቲው የባህል ገንዘብ ተቋም ያከፋፍለዋል። የሚሰጠው ለባህል ድርጅቶች ነው፣ ለተማሪዎች የሚቀርብ ዝግጅትም ይደግፋል። ስለዚህ አመልካቹ ወላጆች ማኅበሩ ሳይሆን ሕጋዊ ፈቃድ ያለው የኮሚዩኒቲ ድርጅት ቢሆን ያዋጣችኋል።

የሦስት ልጆች እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የልጆቹን አቆጣጠር ሳነብ ስለ እኛም አሰብኩ። የእኔ ልጆች «ጥቁር» ከሚለው ሳጥን በቀር ቤታቸው ውስጥ ምን እንደሚነገር የሚያሳይ ሌላ መስመር ያገኙት የቋንቋ መጠይቁ ላይ ብቻ ነው። የተሳሳተ ሳጥን ውስጥ መግባት ምን እንደሆነ እናውቀዋለን፤ ሆኖም እኛው ጠረጴዛ ስናድል ያንኑ ደገምነው።

ትናንት አያትየውን ደወልኩላቸው። ስለ ገንዘብ ከማንሳቴ በፊት ይቅርታ ጠየቅሁ። ሽመናውን የሚያውቁት እህታቸው ናቸው፤ የዘንድሮው ልጥ ለቤተሰባቸው ሥራ የተያዘ ስለሆነ ለ90 ልጅ የሚበቃ የሚኖረው ከመጪው ፀደይ በኋላ ነው አሉ። እንግዲያው ሽመናው ወደሚቀጥለው ዓመት ተላልፏል። ከ3,200ው 2,000ውን ለእህታቸው ቅድሚያ ክፍያ አስቀምጠን የጎደለውን ከሥርዓተ ትምህርት በጀት እንጠይቃለን። የዲስትሪክቱ የወላጆች ኮሚቴ መቼ እንደሚሰበሰብ ጠይቄ ቀኑን ነግሬያቸዋለሁ፤ እንደሚሄዱ ወይም እንደማይሄዱ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጎተጎትኩም።

አባ ዳዊት፣ ፈቃድ ያለውና ማሲንቆ የሚያስተምር ሰው ያለበት ድርጅት ካወቁ በውስጥ መስመር ይላኩልኝ። ኮሚቴያችን ማክሰኞ ይሰበሰባል።