የበቆሎ አገዳ ጠንስሶ ነዳጅ ማውጣት ይቻላል?

የቡሬው፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኛ ጋ በቆሎ ከተሰበሰበ በኋላ ከብት በልቶ የተረፈው አገዳ እዚያው ማሳ ላይ ይቃጠላል። ባየሁት ቁጥር ያንገበግበኛል። ከተረፈ ምርት ኤታኖል የሚባል የሚነድ አልኮል ይወጣል ሲባል እሰማለሁ፣ እናቴ ደግሞ አረቄ ታወጣለች፣ ዕቃው ሁሉ ቤት አለ። አገዳውን ከታትፌ በእርሾ ብጠነስሰው ለምድጃ የሚሆን አይወጣኝም?

አብላላው፦
ወንድሜ፣ እንደዚያ አይወጣም። እርሾ የሚበላው ስኳር ነው። አረቄ ላይ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚቀይረው ብቅሉ ነው። የአገዳው ስኳር ግን ሴሉሎስ በሚባለው ቃጫው ውስጥ ተቆላልፎ፣ በላዩም ሊግኒን የሚባል እንጨታማ ነገር ተለብጦበት ስለሚገኝ ብቅል አይፈታውም። ፋብሪካዎች መጀመሪያ በከፍተኛ ግፊት እንፋሎት ወይም በአሲድ ያላሉታል፣ ቀጥለው ሴሉሌዝ የሚባል ኢንዛይም ይጨምሩበታል፣ እርሾው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። አሲዱን ቤት ውስጥ እንዳትሞክር፣ አደራ።

ሞላሰስ፦
እውነቱን ነው። ፊንጫና መተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ኤታኖል ያወጡት ከሞላሰስ፣ ማለትም ስኳር ሲመረት ከሚተርፈው ወፍራም ዝልግልግ ፈሳሽ ነው፤ ግማሽ ያህሉ ስኳር ስለሆነ እርሾ በቀጥታ ይበላዋል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን ውስጥ በመጀመሪያ 5 በመቶ ሲቀላቀል የነበረው እሱ ነው።

እናት ጓዳ፦
ለምድጃ ከሆነ ባዮጋዝ ይሻልሃል፣ እሱም መብላላት ነው እኮ። አየር በሌለበት ባክቴሪያዎቹ ሜቴን የሚባል የሚነድ ጋዝ ይሰጡሃል። 4 ከብት ካላችሁ ለአንድ ቤት የሚሆነው 6 ሜትር ኩብ ማብላያ ይበቃል፣ እበትና ውሃ እኩል ለእኩል። አገዳውን ግን ብቻውን አትክተት! ባክቴሪያዎቹ የሚፈልጉት ናይትሮጅን በአገዳው ውስጥ ትንሽ ነው፣ ደግሞም ላይ ይንሳፈፍና ደርቆ ጋዙን ያፍነዋል። ከታትፈህ በረት ውስጥ አንጥፈው፤ ከብቶቹ ሲረግጡት፣ ሽንት ጠጥቶ ሲለሰልስ፣ ያኔ ከእበቱ ጋር ጥቂት ጥቂት እያልክ ጨምረው። የሚወጣው ዝቃጭ ለማሳህ ማዳበሪያ ነው፣ እሳት የሚያጠፋው ናይትሮጅን እዚያው ይቀርልሃል።

የቡሬው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከብቱስ አለ፣ በበጋ ግን ምንጩ ሩቅ ነው።

እናት ጓዳ፦
የበረቱን ወለል ዘንበል አድርገህ ሽንቱን በቦይ ወደ ማብላያው ብታስገባው ውሃውን ይቀንስልሃል። በየቀኑ የቀረውን መሙላት ካልቻልክ ግን ገንዘብህን አታውጣ። ውሃ አጥቶ የቆመ ማብላያ ብዙ ነው።